ሮቦት ታጥቆ መራመድ፦ ጥያቄና መልስ

በህብለ ሰረሰር ጉዳት ላይ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ወንድሜ ከፎቅ ወድቆ እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። ሮቦት ያራምደዋል ይሉናል፤ እውነት ነው?

ሊያራምደው ይችላል፤ ማራመድ ግን ማዳን አይደለም። እህቴ፣ ከማሽኑ በፊት ስለ ጉዳቱ ጠይቂ። ሐኪሞች ከ«ኤ» (A) እስከ «ኢ» (E) በእንግሊዝኛ ፊደል ይለዩታል። «ኤ» ከሆነ በፊንጢጣ አካባቢ ስሜትም እንቅስቃሴም የለም ማለት ነው። ይህ የሚታወቀው በፊንጢጣ በሚደረግ የጣት ምርመራ ነው፤ ቤተሰብ ያፍርበታል፤ ግን ብዙ ይናገራል። «ሲ» ወይም «ዲ» ከተባለ የተረፈ የነርቭ መስመር አለ፤ በልምምድ የመራመድ ዕድሉም ይሰፋል።

ሎኮማትና ሪዎክ የሚባሉት የማራመጃ ሮቦቶች ምን ይለያቸዋል?

ሎኮማት የስዊዘርላንድ ሥራ ነው፤ ከቦታው አይነቃነቅም። ታካሚው ከላይ በማሰሪያ ተንጠልጥሎ በመሮጫ ማሽን ላይ ሲቆም፣ ባለ ሞተር ክንዶች ጭኑንና ቅልጥሙን ይዘው ያራምዱታል። ያለ ማሽኑ ሁለት ባለሙያዎች አጎንብሰው እግር በእጅ ያነሣሉ፤ ከታካሚው በፊት የእኛ ወገብ ይዝላል።

ሪዎክ ግን የሚለበስ ነው። ሰውየው ወደ ፊት ሲያዘነብል መሣሪያው ተረድቶ እግር ያነሣል፤ ክራንች ግን ግድ ነው። ፈጣሪው እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ እጆቹም ስለተጎዱ፣ ለሌሎች የሠራውን ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም።

ከተለመደው ፊዚዮቴራፒ ይበልጣል?

እኩል ሰዓት ከተሰጠ እንደሚበልጥ በግልጽ አልተረጋገጠም። ጥቅሙ ባለሙያው ሳይደክም ብዙ እርምጃ ማስቆጠሩ ነው። ስለዚህ ሮቦት የለም ብሎ የእንጨት መደገፊያ ይዞ መለማመድን መናቅ ስሕተት ነው።

ዋጋውስ?

ሪዎክ በአሜሪካ ለቤት አገልግሎት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ የአረጋውያን የመንግሥት መድን ሜዲኬር በ2024 ያወጣለት ተመን 91 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ቤት ሸጦ መግዛትን አልመክርም።

አባቴ ስድስት ዓመት ዊልቸር ላይ ናቸው። መሞከር ይችላሉ?

መጀመሪያ የአጥንት ጥንካሬያቸው ይለካ። ለዓመታት ያልቆመ እግር አጥንቱ ይሳሳል፤ ማሽኑ ቢሰብረው ላያማቸው ይችላል። ስብራቱን የሚናገረው የእግሩ እብጠትና ትኩሳት ነው። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ካልሲያቸውን አውልቀህ ተረከዛቸውንና ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ እይ። ቅላቱ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካልጠፋ ነገ ማሽኑ ላይ አይወጡም።

ጉዳታቸው ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ በልምምድ መሃል ድንገት ራሳቸውን ቢፈልጣቸውና ፊታቸው ቢያልባቸው የደም ግፊታቸው እየናረ ሊሆን ይችላል። ማሽኑን አስቁመህ ቀና አድርገህ አስቀምጣቸው፤ ማሰሪያውን ፍታ፤ የተገጠመላቸው የሽንት ቱቦ ካለ ተቆልምሞ እንደሆነም ፈትሽ፤ ሐኪምም ጥራ።