ሞተሩ አላለቀም ወንድሜ፦ የሚዘለውን የድሮ ሜርክሊን ባቡር እንዴት እንደምታስተካክለው

ሰላም ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲጠቀም ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ጀርመን ነው የምትኖረው፣ ከፍሎማርክት (ያገለገለ ዕቃ ገበያ) አንድ የድሮ ሜርክሊን 3048 ገዛህ (ሜርክሊን የጀርመን የአሻንጉሊት ባቡር ፋብሪካ ነው)፣ ያ ጥቁሩ ረጅሙ የስቲም ሎኮሞቲቭ ከነተንደሩ፣ ማለት ከኋላው ከሚጎትተው የከሰል ጋሪ ጋር። ልጅህ ለገና ባገኘው አዲሱ የዲጂታል ሐዲድ ላይ ስታስቀምጠው ማንም ሳያዘው በሙሉ ፍጥነት ተፈትልኮ ኩርባው ላይ ተገለበጠ። ከዛ "ይሄ የድሮ ትራንስፎርመር ነው የሚፈልገው" ስላሉህ ሰማያዊዋን የብረት ትራንስፎርመር ገዛህ። አሁን መብራቱ ይበራል፣ ትንሽ ይሄድና እምምም እያለ ይቆማል፣ አቅጣጫ ቀይር ስትለው ደሞ በመመለስ ፈንታ ወደፊት ይዘላል። አንድ ሱቅ "ሞተሩ አልቋል፣ ዲጂታል እናድርግልህ" ብሎሃል። እውነት አልቋል ወይ ነው ጥያቄህ።

ሳላየው መቶ በመቶ ልምልልህ አልችልም ግን የነገርከኝ ምልክት ሁሉ የቆሻሻና የሞላ ነው እንጂ ያለቀ ሞተር ምልክት አይደለም። እነዚህ ሞተሮች ውስጣቸው ምንም የለም እኮ፣ አንድ አርማቸር (የሚዞረው ክፍል)፣ ሁለት ካርቦን (ለሚዞረው ኤሌክትሪክ የሚያደርሱ)፣ አንድ የፊልድ ጥቅል (የማይዞረው ሽቦ)፣ በቃ። ሰው "አልቋል" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ፍሎማርክት ከመድረሱ በፊት ሰገነት ላይ ስንት አመት ተቀምጦ የደረቀ ዘይት ነው።

መጀመሪያ ግን የዲጂታሉን ነገር እንጨርስ፣ ምክንያቱም ደግመህ ብትሞክረው የልጅህን ዕቃም ታበላሻለህ። ዲጂታል ሐዲድ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልቴጅ አለ፣ ባቡሩ የማይሮጠው ውስጡ ያለው ዲኮደር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ትዕዛዝ ስለሚጠብቅ ነው። ያንተ የድሮው ዲኮደር የሚባል ነገር የለውም፣ ያገኘውን ሁሉ ለሞተሩ ይሰጣል፣ ስለዚህ ተፈተለከ። ጥፋት አይደለም፣ የተሰራው እንደዛ ነው። ሁለቱን ትራንስፎርመር በአንድ ሐዲድ ላይ እንዳታገናኝ ብቻ፣ የዲጂታሉ መቆጣጠሪያ ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

አሁን ሰማያዊዋ ትራንስፎርመር። ከሁሉ በፊት ገመዷን በጣትህ እያጠፍክ እይ፣ ላስቲኩ ከተሰነጣጠቀ ወይ ከደረቀ አትሰካት፣ ቀፎዋ ብረት ነው፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ደህና ከሆነች በቴስተር ለካት፣ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ። ማዞሪያው ሙሉ ሲሆን 16 ቮልት አካባቢ፣ ወደ ግራ ከዜሮ አልፈህ ስትጫነው ደሞ (አቅጣጫ የምታስቀይረው በዚህ ነው) 24 አካባቢ ማንበብ አለበት። ትንሽ ከፍ ብሎ ቢያነብ አትደንግጥ፣ የተሰራችው በ220 ቮልት ዘመን ነው፣ ዛሬ ግድግዳህ ላይ ያለው 230 ነው፣ ባቡር ሳይኖርባት ደሞ ሁሌም ከፍ ትላለች። ለድሮ ባቡር ችግር የለውም፣ ዲኮደር ያለውን ባቡር ግን በሷ አቅጣጫ ቀይር እንዳትለው፣ ያቺ ከ24 የምታልፍ ምት ዲኮደር ትገላለች። (አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ልትልካት ብትፈልግ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ስለሆነ ትሰራለች፣ አሜሪካ ላለው ግን አትላክ፣ እዛ መብራቱ ሌላ ነው።)

ወደ ባቡሩ እንምጣ። ሳትፈታው በፊት አንድ ፈተና አለ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል እኔ ግን ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው። ባቡሩን ገልብጠህ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኛውና ትልቁን ጎማ በጣትህ ቀስ ብለህ አዙር። የድሮ ሜርክሊን ጥርሱ ተራ ጥርስ ስለሆነ በእጅ ይዞራል፣ አዲሶቹን ብዙዎቹን ግን እንደዚህ እንዳታደርግ፣ ጥርሱን ትሰብራለህ። ዙሩን ሙሉ እኩል ከከበደህ የደረቀ ዘይት ነው። ቀለል ብሎ እየዞረ በየዙሩ ያው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያዝ የሚያደርግህ ከሆነ ግን ዘይት አይደለም፣ ጎማዎቹን የሚያገናኙት ዘንጎች ተጣመዋል ማለት ነው፣ ኩርባው ላይ ስለተገለበጠ ደሞ ይሄ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በብርሃን ፊት ለፊት ይዘህ ተመልከት፣ ከጎማው ጋር ትይዩ ያልሆነችውን ታገኛታለህ፣ በጠፍጣፋ ፒንሳ በትንሽ በትንሹ አቅናት፣ በአንዴ አትጠምዝዛት። በዛው ካገላበጥከው አይቀር አክስሎቹ ላይ ፀጉርና የምንጣፍ ክር ተጠቅልሎ እንደሆነ እይ፣ ካለ በወረንጦ አውጣው። ምንጣፍ ላይ አታስኪደው፣ አደራ።

ከዛ ክዳኑን ክፈት። ቪቴው ያለበት ቦታ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ አንዳንዱ ከላይ ነው አንዳንዱ ከስር፣ ካልወጣልህ ሌላ ቪቴ አለ ማለት ነው እንጂ በጉልበት የሚወጣ ነገር የለም። ካቻቢቴህ የቪቴውን ስንጥቅ የሚሞላ ይሁን፣ ጠባብ ከሆነ ጭንቅላቱን ይበላዋል ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ነጭ ትሪ ላይ ፍታው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክህ ፎቶ አንሳ።

የሞተሩን ሽፋን የያዙት ሁለት ቪቴዎች ናቸው፣ እነሱን ከመፍታትህ በፊት ግን ካርቦኖቹን አውጣ። በዚህ ዘመን ሞተር ላይ ሁለቱ አንድ አይነት አይደሉም፣ አንዱ ጥቁር ካርቦን ነው፣ ሌላው ከቀጭን የመዳብ መረብ የተጠቀለለ ነው። የቱ ከየት እንደወጣ ፃፍ። ካርቦኑ አጥሮ የላይኛው ሞላ የቤቱን ጠርዝ መንካት ከጀመረ ቀይር፣ ርካሽ ነው፣ ሱቅ ስትሄድ ቁጥሩን ብቻ 3048 በላቸው ትክክለኛውን ይሰጡሃል።

ሽፋኑ ሲነሳ አርማቸሩ ላይ ክብ ጠፍጣፋ መዳብ ታያለህ፣ በሶስት ስንጥቅ ለሶስት የተከፈለች። ያንተዋ ጥቁር እንደሆነች እወራረዳለሁ። ስንጥቆቹ ውስጥ የገባው ጥቁር ነገር የካርቦን ዱቄትና ዘይት ተለውሶ ነው፣ አንዱን ክፍል ከሌላው ያገናኝና ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንገጫገጫል፣ ይሞቃል። ስቴኪኒ ውሰድ፣ ጫፏን ዋሽቤንዚን (ቅባት የሚያለቅቅ የማፅጃ ቤንዚን) አስነክተህ በስንጥቁ ውስጥ ከመሀል ወደ ውጭ ሳብ፣ ጥቁሩ ጭቃ ሲወጣ ታየዋለህ፣ ስቴኪኒው ንፁህ እስኪወጣ ድረስ። መርፌ አትጠቀም፣ መዳቡን ይፍቀዋል። ፊቷን በጥጥ በትር ጥረግ፣ መዳቧ ቀልታ እስክትታይ። ዋሽቤንዚን ባውማርክት (የቤት መስሪያ ዕቃ ሱቅ) አለ፣ መስኮት ክፈት፣ ሲጋራ የለም፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መብራት አትስጠው፣ እነዚህ ሞተሮች ሲሰሩ ብልጭ ይላሉ።

አሁን "አልቋል" ላለህ ሰው መልስ የምታገኘው እዚህ ላይ ነው። አርማቸሩ በእጅህ እንዳለ ቴስተሩን ኦህም ላይ አድርገህ ሶስቱን የመዳብ ክፍሎች ሁለት ሁለቱን ለካ። ሶስቱም ተቀራራቢ ካነበቡ ጤነኛ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በግልፅ ከተለየ ሽቦው ተበጥሷል ወይ ተቃጥሏል። ከማናቸውም ክፍል ወደ መሀል ዘንጉ ስትለካ ደሞ ምንም ማንበብ የለበትም፣ ካነበበ ሾርት አለ። እነዚህን ካለፈ አርማቸር ቀይር የሚልህን ሰው አመስግነህ ውጣ።

ጥርሶቹንና የአክስሎቹን መቀመጫ በዛው ቤንዚን እጠባቸው፣ ያ እንደ ማስቲካ የሆነው ቡኒ ዘይት እስኪለቅ። ከዛ አዲስ ዘይት፣ ግን በጣም ጥቂት። የሞዴል ባቡር ዘይት ወይ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ ተነክሮ የአርማቸሩ ዘንግ በሁለቱም በኩል የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ጠብታ፣ ጥርሶቹ መሀል ያለች ዘንግ ላይ አንድ አንድ፣ በቃ። የምግብ ዘይት የሚያደርግ ሰው አለ፣ እባካችሁ። ያ በቆርቆሮ የሚረጨው ዝገት ማስለቀቂያም አይሆንም፣ ሮጦ ካርቦኑ ላይ ይሄድና ያፀዳኸውን መልሶ ጭቃ ያደርገዋል።

አሁን ዋናው፣ መዝለሉ። ይሄ ሞተር ፊልዱ ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ነው ያለው፣ አንዱ ወደፊት አንዱ ወደኋላ ያስኬደዋል፣ የሚመርጠው ውስጡ ያለው ትንሽ ሪሌይ ነው፣ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚገለበጥ መቀያየሪያ ማለት ነው። 24 ቮልቱን ስትሰጠው የሪሌዩ ማግኔት ብረቷን ጠቅ አድርጎ ይስባል፣ መቀያየሪያውን ይገለብጣል፣ ስትለቀው አንዲት ቀጭን ሞላ ትመልሳታለች። ጠቅ የምትለው ፈጥና ካልሆነ ያ 24 ቮልት ሞተሩ ላይ ያርፋል፣ ባቡሩም ይዘላል። የሞላዋ ጉልበት በሁለት ነገር መሀል ነው ያለው፦ በጣም ከጠበቀች 24ቱ አይስባትም፣ ባቡሩ ይዘላል አይመለስም፣ ያንተ ማለት ነው። በጣም ከላላች ደሞ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ሳለ በራሱ አቅጣጫ ይቀይራል ወይ እየሄደ እምምም ይላል።

ግን ሞላዋን ቶሎ አትንካ! የሪሌዩ ብረት የምትወዛወዝበት ቦታም በዛው በደረቀ ዘይት ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ ያንተ ሁለቱንም ምልክት ስላሳየ፣ እምም ማለቱንም መዝለሉንም፣ እኔ የምጠረጥረው ይሄንን ነው። መጀመሪያ በቤንዚን እጠብና በስቴኪኒ እየገፋህ ሞክራት፣ ያለ ምንም መጎተት ሄዳ መመለስ አለባት። ሪሌዩን ዘይት አትቀባው፣ ደረቅ ይሁን። ሁሉን ገጥመህ ሐዲድ ላይ ከሞከርከው በኋላ አሁንም ከዘለለ ብቻ ሞላዋ የተሰካችባትን ምላስ በፒንሳ ጫፍ ሞላዋ ወደምትላላበት በኩል ለዓይን በምታስቸግር መጠን አጠፍ አድርግ፣ ሞክር፣ ድገም። የምትፈልገው በ16 ሙሉ ፍጥነት በራሱ የማይቀይር፣ በ24 ግን ሁሌም የሚቀይር ነው። ሞላዋን ራሷን ጎትተህ አታርዝማት፣ አትመለስም።

ሐዲዱን ባጭሩ፦ ሜርክሊን ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከመሀል ካሉት ትንንሽ ነጥቦች ነው፣ ከባቡሩ ስር ያለችው ረጅም የብረት ምላስ እየተንሸራተተች ትነካቸዋለች። ምላሷ ቀጥ ያለች፣ በጣት ስትጫናት ተመልሳ የምትነሳ፣ ጎማም የማትነካ ትሁን። መሀሏ ላይ ጉድጓድ ከተበላባት ቀይራት። ሐዲዱን በአልኮል ጥረግ፣ የብረት ሽቦ ስፖንጅ እንዳይጠጋው፣ ብናኙ ሞተር ውስጥ ገብቶ ሾርት ያደርጋል። ባቡሩ ጎማው እየዞረ እሱ ካልሄደ ደሞ ሞተር አትጠርጥር፣ ጎማው ላይ የተጠለፈችው የላስቲክ ቀለበት ደርቃ ነው፣ ያውጡና አዲስ ያስገባሉ።

ዲጂታል ይሁን ወይ ላልከው፣ የኔ ሀሳብ አይሁን ነው። ይቻላል፣ ሪሌዩ ይወጣል፣ የፊልዱ ጥቅል በማግኔት ይተካል፣ ዲኮደር ይገባል፣ ከባቡሩ ዋጋ በላይ ልታወጣ ትችላለህ፣ የተነካካ ደሞ ሰብሳቢ አይፈልገውም። ይሄ እኮ የጀርመኑ 01 ሞዴል ነው፣ ከ1926 ጀምሮ የተሰራው የፈጣን መንገደኛ ባቡር ሎኮሞቲቭ፣ ትልልቆቹ ጎማዎቹ ሁለት ሜትር የነበሩ። በ1፡87 ስታሳንሰው እንኳን የቆርቆሮ አሻንጉሊት አይመስልም፣ ክብደቱን እጅህ ላይ ታውቀዋለህ። የግድ ካደረግከው ግን የወጣውን ሪሌይና ፊልድ በላስቲክ አድርገህ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጥ፣ አንድ ቀን መልሰው የሚሉህ ይመጣሉ።

በነገራችን ላይ ብዙ አበሻ የለገሃሩን ባቡር በዚህ ሐዲድ ላይ ላስኪድ ይላል። የአዲስ አበባ ጅቡቲው የድሮው መስመር የአንድ ሜትር ስፋት ነበር፣ በ1፡87 ሲሰላ ወደ 11.5 ሚሊሜትር ነው የሚሆነው፣ ለዚህ የሚሸጠው የሞዴል ሐዲድ 12 ነው፣ ያንተ 16.5 ነው፣ ስለዚህ ልክ ይሁን ካልክ ሐዲዱም ባቡሩም ሌላ ነው።

ለልጅህና ላንተ የምመክረው ሁለት የተለያየ ክብ ነው። ያንተ ከትራንስፎርመሯ ጋር፣ የሱ ከዲጂታሉ ጋር፣ መሀላቸው አንድም የሚያገናኝ ሐዲድ አይኑር፣ ምክንያቱም ባቡር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ያቺ ረጅም ምላስ ለአፍታ ሁለቱን ታገናኛለች። መጀመሪያ ስትሞክረው ዋገን ሳትቀጥልበት በግማሽ ፍጥነት በሁለቱም አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ አዙረው ካርቦኖቹ እንዲለምዱ፣ ከዛ ቆም አድርገህ ቦይለሩን በእጅህ ንካው፣ ለብ ካለ ደህና ነው፣ ካቃጠለህ የአርማቸሩን የኦህም ንባብ ፃፍልኝ።