የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትጀምሩ፦ «ሚና» የሚለውን ቃል ከርዕሳችሁ አውጡት

ይድረስ በሶሻል ፖሊሲ፣ በሶሻል ወርክና በተቀራራቢ ትምህርቶች ዘንድሮ ለምትመረቁ፤

ፕሮፖዛል ከማስገባታችሁ በፊት ርዕሳችሁን አንዴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «የሴፍቲኔት ፕሮግራም ድህነትን በመቀነስ ረገድ ያለው ሚና፦ በእንትን ወረዳ» የሚል ከሆነ፣ ጣጣው የሚጀምረው ከዚያው ነው። «ሚና» ስትሉ የምትጠይቁት ፕሮግራሙ ድህነትን ቀንሷል ወይ የሚለውን ነው፤ የብዙ ዓመት ተከታታይ መረጃ በእጃቸው ያለ ተመራማሪዎች እንኳ የሚከራከሩበትን ይህን ጥያቄ በአንድ ሴሚስተርና በትራንስፖርት ገንዘብ ልትመልሱት አትችሉም።

ለምን እንደማያስኬድ እነሆ። ተጠቃሚዎቹ የተመለመሉት ድሃ ስለሆኑ ነው። 60 ተጠቃሚና 60 ተጠቃሚ ያልሆኑ አባወራና እማወራዎችን ይዛችሁ ንብረታቸውን ብታወዳድሩ፣ ተጠቃሚዎቹን ደህይተው ታገኟቸዋላችሁ። ታዲያ ፕሮግራሙ አደኸያቸው ልትሉ ነው? «ከመታቀፍዎ በፊት ኑሮዎ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅም አያወጣችሁም። በመሃል ዝናቡም፣ የእህል ዋጋውም፣ የልጆቹ ዕድሜም ተለውጧል፤ የትኛው ምን እንዳመጣ በመጠይቅ አይለይም።

ከውጤቱ ይልቅ አፈጻጸሙን ያዙ። የፕሮግራሙ የአፈጻጸም መመሪያ ብዙ ይደነግጋል፦ መሥራት የሚችል በማኅበረሰብ ሥራ፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል፤ የተመለመሉት ስም በነዋሪው ፊት ይነበባል፤ ቅሬታ ሰሚው ከመልማዩ ኮሚቴ የተለየ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንዷን ብቻ ምዘዙ። ቅሬታን እንውሰድ፦ «ባለፈው ዓመት በሁለት ቀበሌ የቀረቡ ቅሬታዎች ምን ላይ ደረሱ?» የቅሬታ መዝገቡን ታያላችሁ፣ ኮሚቴውን ታነጋግራላችሁ፣ ስማቸው ከዝርዝሩ የተሰረዘባቸውን ትጠይቃላችሁ። መዝገቡ ባዶ ቢሆን እንኳ አትደንግጡ፤ ባዶ መዝገብ ራሱ ግኝት ነው። የከፋው ሰው ስለሌለ ነው፣ ወይስ ሰሚውና መልማዩ የአንድ ቤት ሰዎች ስለሆኑ? ይህን በ12 ጥልቅ ቃለ መጠይቅ መመለስ ይቻላል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ላይ የምትሠሩም እንዲሁ፤ «ጤናን አሻሻለ ወይ?» ከምትሉ፣ መዋጮ ከፍለው የነበሩ ሰዎች ለምን ካርዳቸውን ሳያሳድሱ እንደቀሩ ጠይቁ።

ስለ ዓመተ ምህረት አንድ ነገር። የገጠሩ ሴፍቲኔት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በእኛ 1997 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ «2005» ብሎ ገልብጦ ከወረዳው የ2005 ዓ.ም. ሪፖርት ጋር ያጋጠመ ተማሪ የስምንት ዓመት ገደል ውስጥ ገብቷል። ፈታኞች ይህን ከሩቅ ያዩታል።

ናሙና ላይ ሁሉም ስንት ሰው እንደሚጠየቅ የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ይመዛል፦ የስህተት መጠኑን በራሱ አባዝቶ በጠቅላላ ብዛቱ ማባዛት፣ አንድ መደመር፣ ከዚያ ጠቅላላ ብዛቱን ለተገኘው ማካፈል። 400 ተጠቃሚ ካለና ስህተቱ 5 በመቶ ከሆነ 200 ሰው ይወጣል። መጠይቁ ሲበዛባቸው ስህተቱን ወደ 10 በመቶ አውጥተው 80 የሚያደርጉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ምክንያቱን በግልጽ ጻፉ፤ ከዚያም ስለ 3 እና 4 በመቶ ልዩነት ትልቅ ነገር አታውሩ። ከሁሉ የከፋው በቀመር 80 አውጥቶ ሰዎቹን የቀበሌው ሊቀመንበር እንዲጠራቸው ማድረግ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ከሙሉ የስም ዝርዝር በዕጣ ሲወጣ ብቻ ነው። ለቃለ መጠይቅ ጥናት ደግሞ ቀመር ጭራሽ አያስፈልግም፤ ማንን ለምን እንደመረጣችሁ አስረዱ፣ በቃ።

አብዛኛው ጽሑፍ የሚበላሸው ግን መጠይቁ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ይጻፍና መስክ ላይ እያንዳንዱ ጠያቂ በአፉ ይተረጉመዋል። «የቤተሰብዎ ብዛት ስንት ነው?» ስትሏቸው እናት ቤይሩት ያለችውን ልጃቸውንም ይቆጥራሉ፤ ቤተሰብ ናታ! እናንተ የፈለጋችሁት ሌላ ነው። «ባለፉት 6 ወራት እዚህ ቤት እያደሩ ከአንድ ማድ የሚበሉ ስንት ናቸው?» በሉ። «ፕሮግራሙ ጠቅሞዎታል?» የሚለውንም ሰርዙት፤ ከዝርዝር እንዳይወጣ የሚሰጋ ሰው ሌላ ምን ሊል ነው? «መጨረሻ የተከፈለዎት በየትኛው ወር ነው? ለየትኛው ወር ሥራ?» የሚለው ይሻላል፤ መልሱ ከመክፈያ ሰነዱ ጋር ይመሳከራል። ጥያቄዎቹን በአማርኛ፣ ወይም ሰዉ በሚናገረው ቋንቋ ጽፋችሁ፣ ናሙና ውስጥ ባልገቡ 5 ሰዎች ላይ ሞክሩ። የቀበሌ ሰው አጠገብ ተቀምጦ የተሞላ መጠይቅ ካለ ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉበት።

የትብብር ደብዳቤ ቀድማችሁ አውጡ። የገጠሩ ፕሮግራም በግብርና በኩል ይመራል፣ የቋሚ ቀጥታ ድጋፉ ግን ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ ይሄዳል፤ ለአንዱ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ሳምንት ያስፈጃል። ለሁለቱም አስጽፉ። የማኅበረሰብ ሥራው በተለምዶ ከጥር እስከ ሰኔ ስለሆነ መስክ ለመውጣት ሁለተኛው ሴሚስተር ይመቻል።

ሊትረቸር ሪቪው፣ ማለትም የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ ላይ ብዙ አልልም። 20 ጽሑፍ በአግባቡ ያነበበ፣ ከአብስትራክት 70 ከለቀመ ይበልጣል። ምዕራፍ አራትን፣ ማለትም የግኝቱን ምዕራፍ ስትጽፉም ሠንጠረዡን በቃላት አትድገሙት፤ «58 በመቶው አዎ፣ 42 በመቶው አይደለም ብለዋል» የሚለውን አንባቢው ራሱ አይቶታል።

ስም ስትደብቁ ሥልጣኑንም ደብቁ። «የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ እንዲህ አሉኝ» ካላችሁ፣ በዚያ ቀበሌ ሰብሳቢው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ቀበሌውን «ቀበሌ ሀ» በሉት፤ ተናጋሪውን «የኮሚቴ አባል»። የጽሑፉ አንድ ቅጂ ወደ ወረዳው ይመለሳል፣ እዚያ ደግሞ የሚያነበው አይጠፋም።