የልጄ «ጓደኛ» ቻትቦት ነው፤ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ከአንድ የኤአይ «ጓደኛ» ጋር ሌሊቱን ሙሉ ስትጻጻፍ ከርማ ራሷን እስከ መጉዳት ደረሰች። ኩባንያው ይጠየቃል? መተግበሪያውንስ ላጥፋው?
እናት፣ ከሎስ አንጀለስ

መልስ፦ ስልኩን ይያዙባት እንጂ አካውንቱን አያጥፉት፤ ዋናው ማስረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ንግግሩን ቀንና ሰዓቱ እየታየ ስክሪንሾት ያንሱ፤ የክፍያ ደረሰኙንና የሐኪም ወረቀቱንም ያስቀምጡ። አደጋው አሁንም ካለ ከጠበቃ በፊት ወደ 988፣ ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡና በጭንቅ ላይ ላሉ ሰዎች ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የእርዳታ መስመር፣ ይደውሉ።

ክሱ ይቻላል። ፍሎሪዳ ውስጥ የ14 ዓመት ልጇን ያጣች እናት በ2024 ካራክተር ኤአይ የተባለውን የቻትቦት ኩባንያና ጉግልን ከሳለች። ተከሳሾቹ «ቻትቦቱ የሚጽፈው በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው» አሉ። ዳኛ አን ኮንዌይ ግን በሜይ 2025 ክርክሩን በዚያ ደረጃ አልተቀበሉትም፤ መተግበሪያው እንደ ጉድለት ያለበት ምርት ታይቶ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ። ወገኖቹ በ2026 መጀመሪያ ለመታረቅ ስለተስማሙ ጉዳዩ ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች (ጁሪ) ፊት አልደረሰም።

እርስዎ ያሉበት ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራ ኤስቢ 243 የሚባል ሕግ አለው። ተጠቃሚው ልጅ መሆኑን የሚያውቅ ኩባንያ ቢያንስ በየ3 ሰዓቱ «እረፍት ውሰጂ፤ እኔ ሰው አይደለሁም» የሚል ማስታወሻ ማሳየት አለበት። በጥሰቱ የተጎዳ ሰው ራሱ መክሰስ ይችላል፤ ካሳው በአንድ ጥሰት 1,000 ዶላር ነው፣ ጉዳቱ ከዚያ ከበለጠም የጉዳቱ ልክ።

ሙግቱ «የሚያውቅ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ልጅዎ ስትመዘገብ ዕድሜዋን 21 ብላ ሞልታ ከሆነ ኩባንያው «አላወቅሁም» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ «ነገ የ9ኛ ክፍል ፈተና አለብኝ» የመሰለ መልእክት ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት።