የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፖርሼው ወይስ ማዝዳው?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ እስከዛሬ የነዳሁት የቤተሰብ መኪና ብቻ ነው። አሁን ጣሪያው የሚከፈት፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ ስፖርት መኪና ልገዛ ቆርጫለሁ። ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ የ2003 ፖርሼ ቦክስተር ኤስ ሲሆን ባለቤቱ ብዙም ስላልነዳው እንደ አዲስ ያበራል። ሌላው የ2019 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባለ 2 ሊትር ነው፤ በደንብ ተነድቷል፣ እንዲያም ሆኖ ከፖርሼው ይወደዳል። ያለኝን መኪና ሸጬ ስለምገዛው በየቀኑ ሥራ የምሄድበትም እሱው ነው። ቁመቴ ረዘም ይላል። ልቤ ፖርሼው ላይ ነው፤ ባለቤቴ ግን “ደግመህ አስብ” ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል? (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

መልስ

ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ ዓይኔ የቀረው “በየቀኑ ሥራ የምሄድበትም እሱው ነው” ያልከው ላይ ነው። ሌላ መኪና ቢኖርህ ኖሮ ምክሬም ሌላ ይሆን ነበር። ማዝዳውን ግዛ።

ፖርሼውን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ያ ባለ 3.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከጀርባህ ተቀምጦ ዙሩ ከፍ ሲል የሚያሰማህን ድምፅ ከአራት ሲሊንደር አታገኘውም። መሪው በዘይት ግፊት ስለሚታገዝ የመንገዱን ነገር ሁሉ እጅህ ላይ ያደርስልሃል፤ የማዝዳው በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥብ ነው። በጉልበት በኩል ፖርሼው ወደ 260 ፈረስ አለው፣ ማዝዳው 181። ይሁንና ቦክስተር ኤስ ከ1,300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ማዝዳው ግን ከ1,000 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ጉልበቱን ለክብደቱ ስታካፍለው ልዩነታቸው የሚመስልህን ያህል አይሰፋም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያረጀ ፖርሼ ዋጋው ወርዶ ከማዝዳ በታች ሲሆን መለዋወጫው አብሮት አይወርድም። የፍሬን ዲስኩ፣ ሾኩ፣ ፍሪሲዮኑ ዛሬም የሚሸጡልህ የፖርሼ መለዋወጫ ሆነው ነው። ሻጩ ርካሽ መኪና ሰጠህ እንጂ ርካሽ ጥገና አልሰጠህም።

“ብዙም አልተነዳም” የሚለውንም እንደ ምርቃት አትቀበለው። ቆሞ የኖረ መኪና ጉሚኒው ይደርቃል፣ ባለቤቱም “አልነዳሁትም” እያለ ዘይቱን ሳይቀይር ዓመት ያሳልፋል። ጎማው ጎን ላይ “ዶት” (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ፤ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ እንዲህ ባረጀ ጎማ ላይ ይህን ያህል ጉልበት አልጭንም። በዚያ ላይ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት በዚያ ዘመን ቦክስተር ላይ ተጨማሪ ከፍለው የሚያስገቡት ነበር፤ ይኑረው አይኑረው አረጋግጥ። ማዝዳው ላይ ከፋብሪካው ጋር የመጣ ነው። የቤተሰብ መኪና ብቻ ለነዳ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚያሳስበኝ ግን በተለይ አንዲት ኩሽኔታ ናት። በዚህ ሞተር ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ካምሻፍቶቹን (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) የሚያዞረው መሃል ላይ ባለ ሌላ ሻፍት አማካይነት ነው። ያንን ሻፍት በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል የያዘው የታሸገ ኩሽኔታ ነው። ማሸጊያው ሲያረጅ የሞተሩ ዘይት ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል፤ ቆሻሻውን ጠርጎ የሚያወጣ ዝውውር ግን የለም። ኩሽኔታው ተበልቶ ከተሰበረ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይላተማሉ፣ ሞተሩም አበቃለት። ሻፍቱ ከ1997 እስከ 2008 በተሠሩት ቦክስተሮች ሁሉ ላይ አለ፤ በ2009 የመጣው አዲሱ ሞተር ነው ያስቀረው። እስከ 2005 ባሉት ላይ የተገጠመችው ባለ አንድ ረድፏ ኩሽኔታ ከቀደመችው ባለ ሁለት ረድፍ ይልቅ የምትሰበር ናት፤ ያንተ የ2003 መኪና እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ብዙዎቹ ይህ ሳይደርስባቸው ብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚጓዙ ልደብቅህ አልፈልግም። ደግሞም በ2003ቱ ላይ ኩሽኔታዋን ሞተሩ ሳይከፈት መቀየር ይቻላል። ካምቢዮው ግን መውረድ አለበት፤ ስለዚህ የገባው ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር እሷንም አብሮ ያስቀይራታል። ሻጩን ደረሰኙን ጠይቀው። “ምንም ሆኖብኝ አያውቅም” ካለህ አልተቀየረችም ማለት ነው።

ስለ ማዝዳው ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩነቱም እሱ ነው። የ2019ኙን ማግኘትህ ዕድል ነው፦ በዚያ ዓመት ሞተሩ ተሻሽሎ በደቂቃ የሚዞርበት ከፍተኛው ልክ ከ6,800 ወደ 7,500 ዙር ከፍ አለ፤ ላንተ ቁመት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ተጨመረ፣ መሪው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳብ ሆነ። ከዚያ በፊት ከፍና ዝቅ ብቻ ነበር የሚለው። ያም ሆኖ ጣሪያውን ዘግተህ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጥበት። ጉልበትህ መሪውን፣ ራስህ ሸራውን ከነካ የእኔን ምክር እርሳው። የዕቃ መጫኛው 130 ሊትር ገደማ ነው፤ ፖርሼው ከፊትም ከኋላም መጫኛ አለው፣ በዚህ በኩል ያሸንፋል። ብዙ መነዳቱ የሰርቪስ ወረቀቱ ካለ አያስጨንቀኝም። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ራስህ አስነሳው፣ ሁለተኛ ማርሽ ሳያንገጫግጭ መግባቱን እይ።

ከሁለቱም የትኛውንም ብታይ እጅህን ከመቀመጫው ሥር ምንጣፉ ላይ አሳርፍ። የሸራ ጣሪያ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቅጠልና አፈር ሲደፍናቸው ውኃው ወደ ውስጥ ይገባል። ቦክስተሩ ላይ ይህ ጣጣ አለው፤ የማንቂያውና የቁልፉ መቆጣጠሪያ ሳጥን እዚያው መቀመጫ ሥር ነው ያለው፣ ከራሰ መኪናው አይነሳም።

ይህን ሁሉ ሰምተህ ልብህ እምቢ ካለህ (እኔም እንዲህ ዓይነት ልብ አውቃለሁ) እንዲህ አድርግ። መኪናውን ከሻጩ ጋር ግንኙነት ወደሌለው፣ ፖርሼ ወደሚያውቅ መካኒክ ውሰደው። የዘይት ፊልትሮው ወርዶ ይቀደድ፣ እጥፋቱ ተዘርግቶ ብርሃን ላይ ይታይ። የሚያብለጨልጭ የብረት ፍንጣሪ ካለ ማግኔት አስጠጋበት፤ ከተሳበ ተወው። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ ከፊት መከላከያው ጀርባ ያሉት ራዲያተሮች በቅጠል ታፍነው እንደሆነ ከሥር ይታይልህ። ሁሉም ደህና ከሆነ ከማዝዳው የተረፈህን ልዩነት ሳትነካ ለኩሽኔታዋና ለፍሪሲዮኑ አስቀምጥ። ሻጩ ፊልትሮውን ማስከፈት አልፈቅድም ካለ ግን ቁልፉን መልስለት።