መልስ፦ የሱሉልታ ዳገትና የተራራቁት ማርሾች

ወንድሜ፣ «መኪናዬ የሱሉልታ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ይጮሃል፣ ሦስተኛው ደግሞ ሞተሩን ያንቀዋል፤ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አስከፍቼ ማርሾቹን ላቀራርብ?» ነው ያልከው። ይቻላል። ሒሳቡን ግን እይ። ለምሳሌ የሁለተኛው ሬሾ (የካምቢዮው መውጫ ዘንግ አንዴ እንዲዞር ሞተሩ የሚዞረው ዙር) 1.9፣ የሦስተኛው 1.3 ቢሆን፣ በደቂቃ 4,000 ዙር ላይ ስትቀይር ሞተሩ ወደ 2,740 ይወርዳል። ሦስተኛውን 1.4 ብታደርገው 2,950 ገደማ ላይ ይይዛል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ ያቺ 210 ዙር ቀላል አይደለችም።

ችግሩ አንድ ጥርስ (ባለጥርሱን ክብ ብረት) ብቻ ነጥሎ መቀየር አይቻልም። በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ስለዚህ ተጋጣሚዎቹ በጥንድ ነው የሚቀየሩት። ቶርኖ ቤት «እናወጣልሃለን» ቢሉህ አትቸኩል። በሙቀት በደንብ ያልጠነከረ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ከዚያው የካምቢዮ ዓይነት የሚገጥም ጥንድ ፈልግ። የዲፈረንሻሉን (ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚያስተላልፈውን) ጥርስ ከፍ ባለ ሬሾ መቀየር ደግሞ ሁሉንም ማርሽ ጉልበተኛ ያደርጋል እንጂ ክፍተቱን አያጠብም።

ከተከፈተ አይቀር ኩሽኔታዎቹን ቀይር። የሲንክሮናይዘሩን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለውን) ቀለበት ማርሹ ላይ በእጅህ ጫን አድርገህ አዙረው። ካልያዘ፣ ወይም ከማርሹ ጋር ተጣብቆ ክፍተት ካልታየህ፣ አልቋል።

እኔ ብሆን ግን ካምቢዮውን ከማስከፈቴ በፊት፣ ጉልበት የጠፋው እዚያ እንዳይሆን ፍሪሲዮኑንና የሞተሩን ኮምፕሬሽን አስፈትሻለሁ። ደግሞ ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ አስገጥመህ እንዳይሆን፤ እሱም ማርሾቹን ሁሉ ያከብዳል!