ትሉን ከመርገጣችሁ በፊት የሚበላውን እዩ

ልጆቼ፣

ሥራዬ የሰብል ጥበቃ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬን የበላሁት ከማሳ ላይ ትል በማጥፋት ስለሆነ፣ አሁን አባጨጓሬ አሳድጉ፣ የእሳት እራት ተከታተሉ ብዬ ስጽፍላችሁ ግራ ሊገባችሁ ይችላል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ልቤ ውስጥ የቀረው ደስታ ግን መለየቱ ነው። ገበሬው በቅጠል ጠቅልሎ ያመጣውን ትል ገልጦ አይቶ፣ ይሄ እገሌ ነው፣ ከሳምንት በኋላ እንዲህ ይሆናል ማለት መቻልን የመሰለ ነገር አላየሁም። ይህን ደስታ ለማግኘት ዲግሪም ገንዘብም አያስፈልግም። ሐዋሳ ተወልዶ ላደገ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ደጁ ላይ ነው።

የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። የትሉን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት የተገኘበትን ተክል እወቁ። አብዛኛው አባጨጓሬ ምግብ ይመርጣል፤ የተዛመዱ ጥቂት ተክሎችን ካልሆነ ሌላውን ቢርበውም አይነካም። እናቲቱም እንቁላሏን የምትጥለው ልጆቿ የሚበሉትን ቅጠል ፈልጋ ነው። ስለዚህ የተክሉን ስም ካወቃችሁ ፍለጋው ከሺህ ወደ አሥር ይወርዳል። ይህን ቀድማ በደንብ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1647 ጀርመን የተወለደችው ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ናት። ብዙ ሰው ትል ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራል ብሎ በሚያምንበት ዘመን፣ ገና በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች። በኋላም ትሉን፣ ፑፓውን (ትሉ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ተሸፍኖ የሚያርፍበትን ደረጃ)፣ ክንፍ ያወጣውንና የሚበላውን ተክል በአንድ ገጽ ላይ ትስል ነበር። ስታስቡት የዕድሜ እኩያችሁ ናት።

ግቢያችሁ ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ካለ ዛሬውኑ ጀምሩ። ለጋ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ፣ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ነጭ ጣል ያለበት ነገር ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ወፎች ኩስ መስሏቸው ያልፉታል። ቆዳውን እየገፈፈ ሲያድግ ድንገት አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉን ይመስላል። ያኔ ጀርባውን በቀስታ ብትነኩት ከራሱ ኋላ ባለ ሁለት ሹካ ብርቱካናማ ቀንድ ያወጣና የሚከረፋ ሽታ ይለቃል። የሚሆነው ጥቁርና ቢጫ ትልቅ ቢራቢሮ ነው። የእሳት እራት ባይሆንም ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፤ ሽታውን አንዴ ያሸተተ ልጅ አይረሳውም።

ስኳር ድንች ላይ ደግሞ ጣት የሚያህል፣ ጅራቱ ላይ ቀንድ ያለው ትል ታገኛላችሁ። አረንጓዴም ቡናማም ይሆናል። ቀንዱ አይወጋም፤ አትፍሩት። ሲጠግብ አፈር ውስጥ ገብቶ ፑፓ ይሆናል። ያ ፑፓ እንደ ጀበና እጀታ የታጠፈ ነገር ከፊቱ ይወጣል፤ የወደፊቱ ምላስ የሚቀመጥበት ሽፋን ነው። ከእሱ የሚወጣው ግራጫ የእሳት እራት ሆዱ ሮዝ ቀለበት አለው፤ ምላሱም ከገላው ይረዝማል። ምሽት ላይ ረጃጅም ቱቦ ያላቸው ነጫጭ አበቦች ፊት አየር ላይ ቆሞ ሲቀስም ብታዩት ትንሽ ወፍ ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ጉሎ የሚበላ ትልም አለ። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያጠናው አንዱ የሐር ትል ምግቡ የጉሎ ቅጠል ነው።

ስታሳድጉ ብዙ አታወሳስቡት። አፉ ሰፊ የሆነ ማሰሮ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከላይ በላስቲክ የታሰረ ሻሽ፣ ከሥር ሶፍት ይበቃል። ያገኛችሁበትን ተክል ቅጠል በየቀኑ ቀይሩ። ኩሱን በየቀኑ ጥረጉ፤ እርጥበትና ሻጋታ ከረሃብ ይበልጥ ይገድላቸዋል። ውኃ አትስጡ፣ ከቅጠሉ ያገኙታል። ቅርንጫፉን ውኃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ከተከላችሁ አፉን በጥጥ ድፈኑት፤ አለዚያ ወርደው ይሰምጣሉ። ዕቃውን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ። መድኃኒት ከተረጨ ማሳ ቅጠል አታምጡ። ፀጉራሙን ደግሞ በባዶ እጃችሁ አትንኩ፤ ፀጉሩ ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ነገሩ ከባድ ነው። በቅጠሉ ወይም በቀጭን ብሩሽ አንሱት።

ትሉ መብላት አቁሞ በዕቃው ውስጥ ሲንከራተት ታመመ ብላችሁ አትደንግጡ። ፑፓ ሊሆን ቦታ እየፈለገ ነው። ቀንዳሙ ከሆነ ለስላሳ አፈር ጨምሩለት። ሲወጣ ክንፉ የተጨማደደ ስለሚሆን ወጥቶ የሚንጠለጠልበት እንጨት ይፈልጋል። ክንፉን እንዘርጋለት ብላችሁ እንዳትነኩት፤ በራሱ ጊዜ ይዘረጋዋል።

አንዳንዴ ግን ከትሉ ገላ ጥቃቅን ነጫጭ ነገሮች ወጥተው ጀርባው ላይ ይደረደራሉ። የትንሽ ተርብ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው እንቁላሏን ትሉ ውስጥ ጥላ ነበር። ትሉ ይሞታል፣ እናንተም ታዝናላችሁ። ነገር ግን ዕቃውን አትጣሉት። ተርቦቹ ሲወጡ እዩአቸው፣ ከዚያ ልቀቋቸው፤ ለገበሬው ከብዙ መርጫ ይልቅ የሚያግዙት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ ሳልሸሽግ የምነግራችሁ፣ ሁሉም ትል ይትረፍ አልልም። መጤው የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ የስንቱን ገበሬ በቆሎ እንደበላ አይቻለሁ። ግንባሩ ላይ የእንግሊዝኛውን ዋይ ፊደል ገልብጠው የጻፉት የሚመስል ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ወደ ጅራቱ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። በበቆሎ ላይ ይህን ያያችሁ ልጆች ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ቶሎ ንገሩ። ብታሳድጉትም አትልቀቁት። ይህን ምልክት የሚያውቅ ልጅ ያለው ቤተሰብ ያገኘውን ትል ሁሉ አይረጭም፤ በጊዜም ይደርሳል።

ማታ ማታ ለሚወጡት ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ስቀሉና ፊት ለፊቱ አምፖል አብሩ። ጨረቃ የሌለችበት፣ ዝናብ አባርቶ ሞቅ ያለ ምሽት ይመረጣል። ሐይቁ ዳር ትንኝና ቢምቢ ስለሚበዛ እኔ ወደ ታቦር ተራራ በኩል ያለውን ሰፈር እመርጣለሁ፤ የትም ሁኑ እጅጌ ያለው ልበሱ፣ ወባ አለ። የእሳት እራት መብራት የሚዞረው ለምን ይመስላችኋል? እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙ የሚበሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። በተፈጥሮ ብርሃን ያለው ሰማዩ ስለሆነ ቀና ብለው ለመብረር ይረዳቸው ነበር፤ አምፖል ሲሆን ግን ያዞራቸዋል። ስለዚህ አይታችሁ ስትጨርሱ መብራቱን አጥፉላቸው። አንቴናቸውንም፣ ራሳቸው ላይ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን መዳሰሻዎች፣ ልብ በሉ፤ የቢራቢሮ ጫፉ ያበጠ ነው፣ የእሳት እራት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክር ቀጭን ወይም ላባማ ነው።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ቦታ፣ ተክል፣ መብላት ያቆመበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፤ ሌላው ትርፍ ነው። ስልክ ያላችሁ ደግሞ አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ላይ ፎቷችሁን ብትጭኑ ከዓለም ዙሪያ የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ይጠቁማሉ። ከላይ ብቻ አታንሱት። አንድ ከጎን፣ አንድ ፊቱን፣ አንድ ደግሞ ሲበላው የነበረውን ቅጠል ከነቅርንጫፉ አንሱ፤ የመጨረሻው ፎቶ ከሌለ ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝም።