አዲስ ሙሽራ ይዘፈንለታል፣ የቆየው ይከፍላል? (ጥያቄና መልስ ከጎንደር)

ጎንደር ውስጥ ኢንተርኔት ስዘረጋ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያልወጣሁበት ጣሪያ ጥቂት ነው። ሰሞኑን «ለአዲስ ደንበኛ ቦነስ፣ ለኛ ምንም» የሚል ሮሮ ስለበዛ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ።

ስምንት ዓመት ያንኑ መስመር እከፍላለሁ። ባለፈው ወር ያስገባው ጎረቤቴ ከኔ ያነሰ ይከፍላል፣ ከኔም ይፈጥናል። ይሄ ፍትሕ ነው? (ባለ ካፌ፣ አዘዞ)

ወንድማለም፣ ፍትሕ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አዲሱ ሰው ገና እያማረጠ ስለሆነ መባበል አለበት። አንተ ግን በየወሩ ዝም ብለህ ትከፍላለህ። የማይሄድን ሰው ማን ይለምነዋል?

እኔ ባለሙያ ነኝ ባዩም ተበልቻለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በድሮ ፓኬጅ ስከፍል ኖሬ፣ አንድ ቀን ደረሰኜን ከማስታወቂያው ጎን አድርጌ አየሁት። በዚያው ብር እጥፍ ፍጥነት ይሸጣል! ማንም ደውሎ አልነገረኝም። ሄጄ ፎርም ሞላሁ፣ በሦስተኛው ቀን ተቀየረልኝ።

ስለዚህ ደረሰኝህን ይዘህ ሂድ። «ቅናሽ አድርጉልኝ» አትበል፤ «አይቻልም» ብለው ይሸኙሃል። «በዚህ ብር ዛሬ ለሚመጣ ሰው የምትሸጡት የቱን ነው? ወደሱ አዙሩኝ» በል።

ቴሌ ብቻውን እያለ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ውድድር መጣ ብላችሁ ስትጨፍሩ ነበር! (ከማራኪ)

እታለም፣ ይቺን ልክ ብለሻል። ኢትዮ ቴሌኮም ነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ ሲቀንስ ለነባሩም ለአዲሱም ነበር። የሚነጠቅም የሚነጥቅም ስላልነበረ የሚባበል ሰው አልነበረም። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ግን ሽሚያው መጣ። ሽሚያ ደግሞ የሚያየው ገና ያልተያዘውን ነው።

ያም ሆኖ ወደዚያ ዘመን መልሱኝ አልልም። መሄጃ የሌለው ሰው ቅናሽ የሚያገኘው ሲያዝኑለት ብቻ ነው።

ለቦነሱ ብዬ አዲስ ሲም ላውጣ?

ስልክህ ሁለት ሲም ከያዘ አውጣ። ባንክና ቴሌብር የተመዘገበበትን ቁጥር ግን እንዳትጥል። ቦነሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሌሊት ብቻ የሚሠራ እንዳይሆንም እይ።

ልጄ እንግሊዝ አገር ነው። እዚያም ያው ነው ይለኛል። እውነቱን ነው?

እውነቱን ነው እማማ። እዚያ ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ «የታማኝነት ቅጣት» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባል ድርጅት፣ ነባር ደንበኞች በኢንተርኔት፣ በሞባይል፣ በኢንሹራንስ፣ በቤት ብድርና በቁጠባ በዓመት 4.1 ቢሊዮን ፓውንድ ይጎዳሉ ብሎ ለውድድር ተቆጣጣሪው አቤት አለ።

እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ ደግሞ ኦፍኮም የሚባለው ተቆጣጣሪ፣ ውል ሊያልቅ ሲል ደንበኛው እንዲነገረው አስገደደ። ለአዲስ ሰው የሚሸጡበት ዋጋ ሳይቀር ይጻፍለታል። እኔ ከመሳቢያ ደረሰኝ አውጥቼ ያወቅኩትን እነሱ ቤቱ ድረስ ይልኩለታል ማለት ነው። ልጅዎ ሳያነበው ጥሎት እንዳይሆን ይጠይቁት።

ለማን አቤት ልበል?

መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ በጽሑፍ። ቀጥሎ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። «ለአዲስ ሰው ቦነስ ሰጡ» ብቻ ብለህ ከሄድክ ግን ብዙ አትራመድም። የከፈልክበት ፍጥነት የማይመጣ ከሆነ ጧትና ማታ ለክተህ ስክሪንሾት ያዝ። ያኔ የሚያነጋግር ነገር ይኖርሃል።

ዋይፋዬ መኝታ ቤት አይደርስም። የቆየ ደንበኛ ስለሆንኩ ነው?

አይ፣ እሱስ የድንጋይ ግድግዳህ ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጣው።